እግራችሁን ለሩጫው አስቀሩ፦ ከመሀል አዲስ አበባ ለረጅሙ ትራያትሎን መዘጋጀት

የመጀመሪያውን ረጅም ትራያትሎን የጨረስኩት እየተራመድኩ ነው። 3.8 ኪሎ ሜትር ዋኘሁ። 180 ኪሎ ሜትር ሳይክል ነዳሁ። ከዚያ 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ ቀረኝ። 30ውን ሮጥኩ፤ የቀረውን ሆዴን ይዤ እግሬን ጎተትኩ። መንገድ ዳር የቆሙ አንድ ሽማግሌ ደረቴ ላይ ያለችውን ባንዲራ አዩ። ከዚያ ፊቴን አዩ። ምንም አላሉም፤ ግን "ከዚያ አገር መጥተህ ምን ነካህ?" የሚል አስተያየት ነበር።

የጣለኝ ሩጫው አልነበረም። ሳይክሉ ላይ ተስገብግቤ፣ ምግቡንም ረስቼ ነው። እኛ ዘንድ ትራያትሎን ሲነሳ ሰው ሁሉ "ሩጫው የኛ ነው፣ ዋናዋን ብቻ ተሻገር" ይላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው።

ፕሮፌሽናሎቹም ከዚህ አያመልጡም። እ.ኤ.አ. በ2024 በሃዋይ ኮና በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ፈረንሳዊው ሳም ሌይድሎው 180 ኪሎ ሜትሩን በ3 ሰዓት ከ57 ደቂቃ ነድቶ የሳይክሉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሩጫው ላይ ግን እግሩ ከዳው፤ ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ባለው ውስጥ እንኳ አልገባም። ያሸነፈው ጀርመናዊው ፓትሪክ ላንገ ነው፤ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ሮጦ ጠቅላላውን በ7፡35፡53 ጨረሰ። በዓመቱ ደግሞ አሜሪካዊቷ ቴይለር ኒብ እዚያው ኮና እየመራች ሳለ፣ ሊያልቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀራት ሙቀቱ ጉልበቷን ጨርሶት አቋርጣ ወጣች።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነገር ነው የሚያሳድደው፦ ማራቶኑ ሲጀመር እግርና ሆድ እንዲተርፋችሁ። እንደ ምሳሌ ኮናን ይዣለሁ። ፕሮፌሽናል ከሆናችሁ በሳምንት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ትሠራላችሁ፤ ቢሮ የምትገቡ ከሆነ 12 ሰዓት ካገኛችሁ ተመስገን ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ፦ ቀን መቁጠሪያውን ወደ ኋላ ቁጠሩ

የኮናው ውድድር በፈረንጆቹ ኦክቶበር መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ በኛ መስከረም መጨረሻ ማለት ነው። 24 ሳምንት ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ትደርሳላችሁ። እዚያ ጀምሩ።

አሁን የአገራችንን ነገር ጨምሩበት። ከባዱ ልምምድ የሚወድቀው ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ክረምት። በረዶ፣ ጎርፍ፣ የሚያንሸራትት አስፋልት። ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ አለ፤ ሁለት ሳምንት ጾም። ልምምዱን መቀነስ የምትጀምሩት በመስከረም ነው፤ እንቁጣጣሽና መስቀል እዚያው ናቸው። ደመራ መስከረም 16 ስለሆነ መስቀል አደባባይ ያን ቀን ለልምምድ አይታሰብም። ይህንን ሁሉ አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ካላሰፈራችሁት በየሳምንቱ "ዛሬማ በዓል ነው" እያላችሁ ነው የምታልፉት።

ቪዛውን ሚያዝያ ላይ ጀምሩ። ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ዋና፦ ገንዳውን ለኩት

መሀል ከተማ ያለው ገንዳ ባብዛኛው የሆቴል ነው። የሆቴል ገንዳ ደግሞ ለመዝናኛ ነው የተሠራው። የሂልተኑ ለምሳሌ በፍል ውሃ የሚሞቅና የመስቀል ቅርጽ ያለው ነው፤ ለዓይን ያምራል፣ ቀጥ ብሎ ለመመላለስ ግን ሌላ ነገር ነው። አባል ከመሆናችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሂዱና ርዝመቱን ለኩ። እኔ "25 ሜትር ነው" ተብዬ ሦስት ወር የዋኘሁበት ገንዳ ሲለካ 21 ሆኖ ተገኘ። ሰዓቴ ፈጣን ነህ ሲለኝ አምኜው ነበር።

ትክክለኛ 25 ሜትር ከሆነ 3.8 ኪሎ ሜትር ማለት 152 ጊዜ ማቋረጥ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሕጻናት ሳይመጡ ግቡ። እሑድ ከሰዓት አትሞክሩት።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውሃ ውስጥ ይሄ በጣም ይሰማል፤ ምክንያቱም ሲያሰኛችሁ መተንፈስ አትችሉም። ስለዚህ አጭር አጭር አድርጋችሁ ዋኙ። 30 ጊዜ 100 ሜትር፣ በየመሀሉ 20 ሰከንድ እረፍት፤ ከአንድ ረጅም 3 ኪሎ ሜትር ይሻላል። ትንፋሹን በየሁለት ምቱ ውሰዱ። በየሦስት ምት መተንፈስ ቆንጆ ነው፤ ዝቅ ያለ አገር ስትሄዱ ታደርጉታላችሁ።

ክፍት ውሃ የግድ ነው። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ቅርብ ነው፤ ቅዳሜ ሄዶ መመለስ ይቻላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ግን ላንጋኖ ውረዱ። ውሃው ቡናማ ነው፤ እጃችሁን እንኳ አታዩትም። ጥቅሙም እሱ ነው፤ በየስድስትና በየስምንት ምቱ ቀና ብላችሁ ዳርቻውን ካላያችሁ ዞራችሁ መነሻችሁ ላይ ትገኛላችሁ። ብቻችሁን በፍጹም አትግቡ፤ ጀልባ ይከተላችሁ። ጓደኛ ካላችሁ ሦስት ሆናችሁ ተጠጋግታችሁ ዋኙ፣ ተገፋፉ። የውድድሩ መነሻ ላይ ክርን ፊታችሁን መምታቱ አይቀርም፤ ያኔ መደንገጥ የለም።

ዌትሱት (የሚያሞቅና የሚያንሳፍፍ የጎማ የዋና ልብስ) ለመግዛት አትቸኩሉ። በዓለም ሻምፒዮናው ለአማተሮች ውሃው ከ24.5 ዲግሪ በላይ ከሆነ አይፈቀድም፤ የኮና ባሕር ደግሞ 26 ገደማ ነው።

ሳይክል፦ ጊዜውም ጣጣውም እዚህ ነው

ከጠቅላላው ሰዓት ግማሹ የሚያልፈው ኮርቻ ላይ ነው። ከልምምዳችሁም ግማሹን እዚህ አውሉት።

መጀመሪያ ጉልበታችሁን ለኩ። ዋት የሚለካ ፔዳል ካላችሁ በደንብ ተሟሙቃችሁ 20 ደቂቃ የቻላችሁትን ያህል ንዱ፤ የአማካዩን 95 በመቶ ያዙ። ውድድር ላይ የምትነዱት ከዚያ ቁጥር 70 በመቶ አካባቢ ነው፤ ፕሮፌሽናሎቹ 80 አካባቢ ይደርሳሉ። እዚህ ከፍታ ላይ የተለካ ቁጥር ዝቅ ያለ ነው። ባሕር ጠለል ስትወርዱ ይጨምራል። እናንተ ግን የአዲስ አበባውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ትርፉን ሙቀቱ ይበላዋል። የፍጥነት ቁጥራችሁን ግን እዚሁ ተዉት፤ እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ሳይክሉ ይበርራል፣ ታች አየሩ ይወፍራል። መለኪያ ከሌላችሁ ደግሞ ጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወራችሁ መንዳት መቻል አለባችሁ። ቃል በቃል ከተቆራረጠባችሁ አልፋችኋል።

አሁን የት እንንዳ? በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የተሠራው የሳይክል መስመር ለቀላል ቀን ጥሩ ነው። ሰው ይሄድበታል፣ ሕጻን ይሮጥበታል፣ ሙሽራ ፎቶ ይነሳበታል። ክርናችሁን መሪው ላይ አስተኝታችሁ የምትበሩበት ቦታ አይደለም። ዋናው መንገድ ላይ ከሆናችሁ ጆሯችሁን ለሚኒባሶቹ ስጡ። "ወራጅ አለ!" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ያ ታክሲ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ፊታችሁ ተቆልምሞ ይቆማል። ፍሬን ላይ ጣት ይኑር።

ለዳገት ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጋችሁ ወደ እንጦጦ ውጡ። ከባድ ማርሽ ይዛችሁ፣ ኮርቻ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ስድስት ደቂቃ ውጡ፤ ቀስ ብላችሁ ውረዱ፤ አምስት ጊዜ ድገሙት። እንጨት የተሸከሙ እናቶች ያንን ዳገት ሲወርዱ ስታዩ "ደከመኝ" ማለት ያሳፍራችኋል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን አትያዙ ብዬ ልመክራችሁ አልችልም፤ እኔ ራሴ እስኪሸት ነው የምይዘው።

ረጅሙ ቀን በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሱሉልታ ነው። ጫንጮ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደርሶ መልስ 80። ሁለት ጊዜ ስትመላለሱ 160 ይሞላል። ከንጋቱ 11፡30 ውጡ፣ ከፊትም ከኋላም መብራት ይኑራችሁ። ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ሁለትና ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ለሳይክል ዝግ ነው፤ የድሮው የቢሾፍቱ መንገድ ደግሞ የከባድ መኪና ነው። ውሻ ካባረራችሁ በኮዳችሁ ውሃ ርጩበት። ካልሰራ ውረዱና ሳይክሉን በመሀላችሁ አቁሙት፤ የሚሮጥ ሰው ነው እንጂ የቆመ ሰው አያስደስተውም።

ክረምት ላይ ቤት ግቡ። የኋላ ጎማውን አስራችሁ ከቦታችሁ ሳትንቀሳቀሱ የምትነዱበት ትሬነር ግዙ፤ ግን ያለ መብራት የሚሠራውን። ከኤሌክትሪክ ጋር የሚያያዘው ዘመናዊው ሐምሌ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ ፈት አድርጎ ነው የሚያስቀምጣችሁ። ታች ያሉ ጎረቤቶቼ ጫጫታውን የጤፍ ወፍጮ ነው ብለው ነበር። አሁን ለምደውታል፤ ዝም ሲል "ታመመ እንዴ?" ብለው ይጠይቃሉ።

ጎማ መቀየር ተማሩ። ከመነዳሪውን አውጥቶ ሌላ መክተት ከአምስት ደቂቃ በታች እስኪሆን፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጭምር። እኔ የተማርኩት ለገሃር አካባቢ ካሉ አንድ ጎሚስታ ነው። ጎማዬን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው "አንተ ልጅ፣ ይሄ ጎማ ነው ቀበቶ?" አሉኝ። "ጋሼ፣ ቀላል እንዲሆን ነው" አልኳቸው። "ቀላልማ ነው" አሉና በአውራ ጣታቸው ጠርዙን እየገፉ፣ ያለ ምንም መፍቻ፣ በአንድ ዙር አስገቡት። እኔ በሦስት ፕላስቲክ መፍቻ እየታገልኩ ቆዳዬን ልጬ ነበር። ሚስጥሩ፦ የጎማውን ጠርዝ መጀመሪያ መሀል ላይ ወዳለው ጉድጓድ ግፉት። ያኔ ይላላል። መዝጊያው ላይ አውራ ጣት ይበቃል።

ካቴናውንም በየሳምንቱ በጨርቅ ጠርጋችሁ ዘይት ቀቡ። የክረምት ጭቃ በሁለት ወር ይጨርሰዋል።

ሩጫ፦ አብዝታችሁ አትሩጡ

እዚህ ላይ አጭር ነኝ፤ መሮጥ ታውቃላችሁ። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ጠዋት 11 ሰዓት የሚመላለሱትን ልጆች አይታችሁ አትቅኑ፤ እነሱ ሳይክል አልነዱም። ለስላሳ መሬት ስትፈልጉ ጃን ሜዳ ሂዱ። ረጅሙ ሩጫ ከሁለት ሰዓት ተኩል አይብለጥ። ዋጋ ያለው ከሳይክል ወርዳችሁ ወዲያው የምትሮጡት 30 ደቂቃ ነው። እግራችሁ የሌላ ሰው እግር ይመስላችኋል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሳይቀር።

ሆድ፦ አራተኛው ስፖርት

እኔን የጣለኝ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ጠለቅ ልበል።

ሰውነት በውድድር ላይ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ስኳርነት ያለው ምግብ መውሰድ ይችላል። ፕሮፌሽናሎቹ 120 የሚደርሱ አሉ። ግን አንጀት ሳይለምድ አይቀበልም፤ ጡንቻ እንደሚሠለጥነው እሱም ይሠለጥናል። ሚያዝያ ላይ በሰዓት 40 ግራም ጀምሩ፤ በየሦስት ሳምንቱ 10 ጨምሩ።

ከውጭ የሚመጣው ጄል ውድ ነው፤ አንዳንዴም የለም። የቤት ስኳር ግማሹ ግሉኮስ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው፤ ሁለቱ በተለያየ በር ስለሚገቡ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። በ750 ሚሊ ሊትር ውሃ 80 ግራም ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ለብ ባለ ውሃ በጥብጡት። በሰዓት አንድ ኮዳ። ስኳሩን በሚዛን መዝኑ፤ "በግምት" ያልኩት ቀን ሱሉልታ ላይ ምን እንደሆንኩ አልነግራችሁም።

በሶ በማር ከረጅም ልምምድ በፊት ወደር የለውም። ውድድር ላይ ግን ይቅር፤ ገለባው ሆድ ያውካል።

ላባችሁንም ለኩ። ከአንድ ሰዓት ልምምድ በፊትና በኋላ ያለ ልብስ ተመዘኑ። የቀነሰው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ላብ ነው፤ የጠጣችሁትን ጨምሩበት። አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነ ትንሽ ይወጣል፤ ላንጋኖ ስትወርዱ ድገሙት።

ፍልሰታን ለሚጾሙ፦ ስኳር የጾም ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ለውዝ ሁሉም አለ። ችግሩ እስከ 9 ሰዓት መቆየቱ ነው። ቅዳሜና እሑድ እስከ ሰዓት አይጾምም፤ ስለዚህ ረጅሞቹን ቀኖች እዚያ አድርጓቸው። የሥራ ቀን ልምምድ ቀለል ብሎ ወደ ማታ ይሂድ። የቀረውን ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ የኔ አባት "ልጄ፣ መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር በራሱ ስግደት ነው" ብለው ስቀውብኛል። የብረት መጠናችሁንም በደም ምርመራ አስዩ፤ ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው ብረት ቶሎ ይጎድልበታል።

ሙቀት፦ ፍልውሃ ግቡ

ኮና ይሞቃል፣ ይወብቃልም። አዲስ አበባ መስከረም ላይ ሹራብ ነው። የሚመከረው ከ10 እስከ 14 ቀን ቀድሞ መሄድ ነው፤ የሆቴሉን ዋጋ ስታዩ ግን አንድ ሳምንት ይሆናል። መፍትሔው መሀል ከተማ ነው ያለው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ያወረዳቸው ያው ፍል ውሃ።

ከመሄዳችሁ ሦስት ሳምንት በፊት ጀምሩ። ቀላል ሩጫ ሩጡ፤ ላባችሁ ሳይደርቅ ፍልውሃ ግቡ። የገንዳ ክፍል ያዙ። ቴርሞሜትር ይዛችሁ ሙቁንና ቀዝቃዛውን ቀላቅሉ፤ 40 ዲግሪ ላይ ሲደርስ እስከ አንገት ግቡ። የመጀመሪያ ቀን 15 ደቂቃ ይበቃል። በስድስት ተከታታይ ቀን ወደ 40 ደቂቃ አሳድጉት። ከዚያ በየሦስት ቀኑ አንድ ጊዜ እስክትሄዱ። ሰው ውጭ ይጠብቃችሁ። ከገባችሁ በኋላ ካዞራችሁ ውጡ፤ ስትነሱ ጠርዙን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ። የደም ግፊት ወይም የልብ ችግር ያለበት ሐኪም ሳይጠይቅ አይሞክረው።

ሻንጣና የመጨረሻ ሁለት ሳምንት

ልምምዱን በግማሽ ቀንሱ፤ ፍጥነቱን ግን አትተዉት። መስቀል ላይ ዶሮ ወጥ ብሉ፤ ማንም አይከለክላችሁም። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀኖች ግን ክክ፣ ሽሮና ሰላጣ ይቁም። ነጭ ሩዝ፣ ፓስታ በስጎ፣ ነጭ ዳቦ በማር።

ሳይክሉ ሲታሸግ ፔዳሉን ፍቱ፤ የግራው ወደ ተቃራኒ እንደሚፈታ አትርሱ። የኮርቻውን ቁመት በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ኮናን በተመለከተ ድፍን የኋላ ጎማ አይፈቀድም፤ ነፋሱ ኃይለኛ ነው። የዋና መነጽር፣ ጫማና የውድድር ልብስ በእጅ ሻንጣ ይሂድ። ሳይክል ቢጠፋ ይከራያል፤ የለመዳችሁት ጫማ አይከራይም። ከኛ ጋር የ13 ሰዓት ልዩነት ስላለ ቢያንስ ሳምንት ቀድማችሁ ድረሱ፤ ሌሊት ዓይናችሁ ቢፈጥ አትጨነቁ።

የውድድሩ ቀን

ከመነሻው ሦስት ሰዓት በፊት ተነሱና ብሉ። ዳቦ በማር፣ ሙዝ፣ አንድ ስኒ ቡና።

ዋናው ላይ በእግሩ አረፋ የሚያወጣ ሰው ፈልጋችሁ ተከተሉት፤ ውሃ ውስጥ መከተል ይፈቀዳል። ሳይክል ላይ ግን አይፈቀድም፤ ለአማተር 12 ሜትር ራቁ። ዳኛው በሞተር ይመጣል፣ ካርድ ያሳያል፣ አምስት ደቂቃ ትቆማላችሁ።

መቀያየሪያው ላይ አትሩጡ፤ አስቡ። ሄልሜቱን ሳታስሩ ሳይክሉን አትንኩት፤ ሕግ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 40 ኪሎ ሜትሮች ላይ ሁሉም ሰው ያልፋችኋል። ይለፉ። እግራችሁ ከከፍታ ስለወረደ አንበሳ አንበሳ ይላችኋል፤ ያኔ ነው ቁጥራችሁን የምትመለከቱት። በየ15 ደቂቃው ጠጡ፤ ሰዓታችሁ ላይ ደወል አስሩ። ሃዊ የምትባለው መዞሪያ አካባቢ የጎን ነፋስ ሲመጣ መሪውን አትጨብጡት፣ ዝም ብላችሁ ያዙት።

ሩጫው ላይ የመጀመሪያውን አምስት ኪሎ ሜትር በማፈር ሩጡ። እያንዳንዱ የውሃ ጣቢያ ላይ 20 ሰከንድ ተራመዱ፤ በረዶውን ኮፍያችሁ ውስጥና ደረታችሁ ላይ ክተቱ። ከ30ኛው በኋላ የቀረ ካለ ልቀቁት።

መስመሩን ስታልፉ ወዲያው አትቀመጡ፤ አሥር ደቂቃ ተራመዱ፤ ጨዋማ ሾርባ ፈልጉ። እጃችሁ ላይ የታሰረችውን የቁጥር ወረቀት ደግሞ አትቁረጧት። እኔ ደስ ብሎኝ በጥርሴ በጠስኳት። ሳይክሌን ላወጣ ስሄድ ጠባቂው በትሕትና ወደ ኋላ መለሰኝ፤ በዚያ እግሬ ሁለት ኪሎ ሜትር ተመልሼ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ስፈልጋት አመሸሁ።